በፒንሳ የጠበቀው ቫልቭ

በእኛ ጊዜ ሰው ሲያጠፋ «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» ብሎ ይቆም ነበር ሲሏችሁ አትመኑ። በእኛም ጊዜ ውሸታም ነበረ፤ ይኸው አንዱ እዚሁ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ሻዩን ይጠጣል። ተስፋዬ ነው፣ ባሌ። አትሳቁ! ገና የሚያስቅ ነገር መች ነገርኳችሁ። ስልኩን ወደዚህ አስጠጉት፣ ድምፄ በደንብ ይግባ። ከእናንተ መሀል ይሄ ዮናስ ሞተርሳይክል ልገዛ ነው ባይል ኖሮ ዝም እል ነበር። አሁን ግን ዝም አልልም።

ታዲያ ይህ ሰውዬ ከታክሲ ጡረታ ወጣና፣ ወጣና ምን አለ? «ሞተር እገዛለሁ።» በስልሳ አራት ዓመቱ! «ልጅ ሆኜ አዲስ አበባን በሞተር ነው የዞርኳት» ይላል። አልዞርክም ያለህ ማን ነው? እና ገዛ፣ አመጣ፣ እዚሁ ኦክላንድ ጋራዣችን ውስጥ አቆመና የእኔን መኪና ደጅ አስወጣት። እሺ አልኩ። ያኔ እንኳ አልተናደድኩም።

ቆይቶ የአየር ነገር መጣ። ቫልቭ ታውቃላችሁ አይደል፣ ጎማው አየር የሚሞላባት ያቺ ትንሽ ቧንቧ። የፊተኛው ጎማ ላይ በግራም በቀኝም የፍሬን ሳህን አለ፣ ቫልቩ መሀል ተቀርቅሮ ነው ያለው፣ እና የነዳጅ ማደያው የአየር ቱቦ ጫፍ አይገባለትም። ታዲያ እሱ ምን ያደርጋል፣ ቫልቩን በጣቱ ወደ ጎን እያጣመመ፣ እየጎተተ ይሞላል። በየሳምንቱ! ላስቲክ ነው እኮ፣ ስንቱን ይችላል? ሥሩ ላይ ተሰነጠቀ።

«ተስፋዬ፣ ይሄ ነገር ተሰንጥቋል» አልኩት።

«እሱ እንደዛው ነው» አለኝ።

ሳምንት ሳይሞላ ጎሚስታ ጋ ሄደና ጎሚስታው «ይሄ ተሰንጥቋል፣ ወደ ጎን የታጠፈውን የብረት ቫልቭ ግዛ» አለው። ሮጦ አዘዘ። እኔ ስል እንደዛው ነው፣ ጎሚስታው ሲል እውነት ነው። ሰማህ ዮናስ?

ቫልቩ ጥሩ ነው፣ በቫልቩ ላይ ጠብ የለኝም። እንደ ክርን የታጠፈ ነው፣ አፉ ወደ ጎን ስለሚያይ ቱቦው ይደርስለታል። ከቸርኬው ጋር የሚገጥምበት ቀጭን የላስቲክ ቀለበት አለው፣ በላዩ ዳዶ ይጠብቃል። በቃ ይኸው ነው። እኔ ደግሞ ፍሪሞንት መኪና ፋብሪካ፣ መገጣጠሚያው ላይ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ብሎን ነው ያጠበቅሁት። መፍቻው ቶርክ ሬንች ይባላል፣ ብሎኑ የሚጠብቅበትን ልክ በቁጥር ትሞላለህ፣ ቁጥሩ ላይ ሲደርስ «ቀጭ» ይላል፣ ትቆማለህ። ከቀጭ በኋላ ትንሽ የጨመረ ሰው ሱፐርቫይዘር ፊት ይቀርባል። እና ይሄን የማውቅ ሴት ቆሜያለሁ፣ እሱ ቸርኬው ላይ ተንበርክኳል።

«ወረቀቱ ላይ ቁጥር አለ፣ ቆይ ሬንቼን ላምጣ» አልኩት።

«ለዚች ጥፍር ለምታክል ዳዶ ቁጥር?»

«ላስቲኩ ይጨፈለቃል፣ ተስፋዬ።»

«አንቺ ፋብሪካሽን አጥብቂ!» አለኝ።

እና በፒንሳ አጠበቀው። በፒንሳ! ፊቱ እስኪቀላ፣ የአንገቱ ሥር እስኪገተር። «በቃ፣ ከእንግዲህ ማንም አይፈታውም» አለ። እሺ፣ ቢያንስ የሳሙና ውሃ እንርጭበት፣ የሚያፈስ ከሆነ አረፋ ያወጣል አልኩት።

«ጎማ ነው እንጂ ካልሲ ነው?»

እንዲህ ነው ያለኝ። ቃል በቃል። ዛሬም ሳስታውሰው ደሜ ይፈላል።

ታዲያ ልጃችን ቤቲ ሳን ሆዜ ነው የምትኖረው፣ እዛው ጥርስ ሐኪም ቤት ጥርስ ታጸዳለች። አንድ ቀን እኛ ጋ አደረች፣ ጠዋት መኪናዋ አልነሳ አለ፣ ሥራ ረፈደባት። «እኔ አደርስሻለሁ» አለ አባትየው። ከኋላው አስቀመጣትና ሄዱ። ኤይት ኤይቲ የሚሉትን አውራ ጎዳና ይዘው ፍሪሞንት አካባቢ ሲደርሱ መሪው ከበደው። ጎማው ቀስ በቀስ አየር ሲያጣ ነው የመጣው። ለማየት ብሎ ወደ መውጫው ሲታጠፍ የፊተኛው ጎማ ከሥሩ ሸሸበት፣ ወደቁ። ፍጥነቱን ቀንሶ ነበር፣ ከኋላም መኪና አልነበረም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እሱ ጉልበቱ ተላጠ። የቤቲ ቀኝ እጅ አንጓዋ ላይ ተሰበረ። የምትሠራበት እጅ!

ሆስፒታል እየሮጥኩ ስገባ መጀመሪያ የሰማሁትን ልንገራችሁ። ይሄ ሰውዬ ለነርሷ «ሺ ሙቭድ፣ ሺ ሙቭድ» ይላታል። ወደ እኔ ዞረና «አትንቀሳቀሺ ብያት ነበር፣ ስንታጠፍ ተንቀሳቀሰችብኝ» አለኝ። ልጄ አልጋ ላይ ሆና እንባዋ ይወርዳል። «ሶሪ ዳዲ» ትለዋለች። «ኢት ዋዝ ማይ ፎልት፣ ሶሪ።» ጥፋቱ የእኔ ነው ማለቷ ነው። እና እሱ ግንባሯን ስሞ «ምንም አይደል» አላት። ምንም አይደል! ይቅር አላት እኮ!

አራት ሳምንት እንዲህ ኖርን። እጇ ጀሶ ውስጥ ነው፣ ሥራ የለችም፣ በየቀኑ ኮል ታደርግና «ዳዲ ጉልበቱ እንዴት ነው?» ትለኛለች። አንድ ቀን ግን ስልኩ ላይ አለቀሰች። «ማሚ፣ አይ ኦልሞስት ኪልድ ሂም» አለችኝ። አባቴን ልገድለው ነበር ማለቷ ነው። ስልኩን ዘጋሁና ወደ ጋራዥ ወረድኩ። ለምን ወረድኩ? ያ ፒንሳ ከዓይኔ አልጠፋ ብሎ።

ጎማውን በፓምፕ ነፋሁት፣ የሳሙና ውሃውን ረጨሁበት። ከቫልቩ ሥር አረፋው ቡልቅ፣ ቡልቅ። ዳዶውን ፈታሁት፣ ላስቲኩ ተጨፍልቆ፣ ለሁለት ተቀዶ ወጣ። ይዤ ሽቅብ ወጣሁ። ዜና ያያል። ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ።

«አንተ ንገረኝ።»

ላስቲኩን አንስቶ ገለበጠው።

«መቼ ነው ያወቅከው?»

«እዛው» አለ። «ሞተሩን ሳነሳው ከቫልቩ ሥር ስስስ ይል ነበር።»

እዛው! አምቡላንስ ሳይመጣ! እያወቀ ነው «ሺ ሙቭድ» ያለው፣ እያወቀ ነው ልጄን ይቅር ያላት!

«ጫማህን አድርግ» አልኩት። ከኦክላንድ እስከ ሳን ሆዜ ስሰድበው ሄድኩ፣ ትራፊክ ስለነበረ ጊዜ አልጠበበኝም። ቤቲ በሩን ስትከፍት ሳይገባ፣ እዛው ኮሪደሩ ላይ ቆሞ፣ «ቤቲዬ፣ አንቺ አልተንቀሳቀስሽም፤ ቫልቩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ያን ቀንም አውቄ ነበር» አላት። ስለ እጇ አንድ ቃል አልተናገረችም። «ፎር ዊክስ፣ ዳዲ?» ብቻ አለች። «አራት ሳምንት ሙሉ?» በሩን ዘጋችብን። እሱ ኮሪደሩ ላይ አለቀሰ። አላባበልኩትም።

ሁለት ወር ስልኩን አላነሳችለትም። አሁን ሥራዋ ተመልሳለች፣ ታነሳለታለች፣ ግን ንግግሯ አጭር ነው። ሞተሩ ላይ አዲሱን ቫልቭ እኔ ነኝ የገጠምኩት። ዮናስ፣ ስማ፦ ቁጥሩን ጠብቅ፣ አትጨምር። አፉን አስተካክለህ ጎማውን አዙርና ፍሬኑን እንደማይነካ በዓይንህ እይ። አየር ስትሞላ በሌላ እጅህ ደግፈው፣ እንዳይዞር። ክዳኑን አትርሳ። በየወሩ ሳሙና እርጭበት።

ይሄ ግን የቫልቭ ነገር ነው። ዳዶ አብዝቶ ማጥበቅ ስህተት ነው፣ እኔም እሳሳታለሁ። ልጅህ ባላጠፋችው አራት ሳምንት ሶሪ ስትልህ ዝም ብሎ መስማት ግን ስህተት አይደለም። ክፋት ነው። ክፋት ነው አልኩ፣ ይሰማኛል፣ ይስማኝ!

አቶ ተስፋዬ ብርጭቆውን አስቀመጡ። «አንድም አልጨመረችም» አሉን። «እንዲያውም ሳትናገር የተወችልኝ አለ። ያን ቀን ጠዋት ‹ልጄን በሞተር አትወስዳትም› ብላ የሞተሩን ቁልፍ ደብቃብኝ ነበር። ፈልጌ አገኘሁት። እሱንም ጻፉት።»