በቀድሞው ቆዳ መጋዘን ሰፈር ስለተቆፈረ የቆጮ ጉድጓድ

የምስክር ቃል

የምስክሩ ሙሉ ስም፦ አቶ ኤሊያስ ዶባሞ ሀንዲሶ
ዕድሜ፦ 54
ሥራ፦ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ መምህር
የትምህርት ደረጃ፦ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ
አድራሻ፦ ሸዋ ክፍለ ሀገር፣ ከምባታና ሐዲያ አውራጃ፣ ሆሳዕና ከተማ፣ ቆዳ መጋዘን ሰፈር
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ግንቦት 14 ቀን 1976 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡30 ሰዓት
ቃሉን የተቀበለው፦ ሃምሳ አለቃ ተረፈ ወልደየሱስ

እኔ ስሜ ከላይ የተጠቀሰው ምስክር የተጠራሁት አማቴ ወ/ሮ ገነቴ ስለሞቱበትና ባለቤቴ ወ/ሮ ጣቢታ ሆስፒታል ስለተኛችበት ጉዳይ፣ እንዲሁም ሁለቱን በምግብ መርዛለች ተብላ በዚህ ጣቢያ ስለታሰረችው ጎረቤቴ ወ/ሮ ትርፊት የማውቀውን እንድናገር ነው። ያየሁትን አየሁ፣ የሰማሁትን ሰማሁ፣ የምገምተውን እገምታለሁ ብዬ ለይቼ እናገራለሁ። ሲጻፍም እንዳይቀላቀል ጠይቄ ሃምሳ አለቃው ተስማምተዋል።

ሰፈራችን ወደ ዱራሜ በሚወስደው መንገድ ዳር ይገኛል። ከአብዮቱ በፊት አንድ የውጭ አገር ነጋዴ ቆዳ የሚያደርቅበትና የሚያከማችበት ድርጅት ነበረበት። ድርጅቱ በ1967 ዓ.ም. ተወረሰ፤ ጥቂት ሠርቶ በ1969 ተዘጋ። ማሽኑና ሚዛኑ ተጭኖ ሄደ። የቀረው ባዶ መጋዘን፣ ቆዳ ይወጠርባቸው የነበሩ እንጨቶችና ለሠራተኞች በአንድ ረድፍ የተሠሩ የጭቃ ቤቶች ናቸው። ዝናብ ሲጥል ሰፈሩ ዛሬም ቆዳ ቆዳ ይሸታል።

በ1974 ዓ.ም. እዚያ ቤት የገዛሁት ሌላ ስላላገኘሁ ነው። ዕድሜዬን በኪራይ ጨርሼ ነበር፤ መሃል ከተማ ለሽያጭ የሚቀርብ ቤት አልነበረም። ከእነዚያ ቤቶች ጥቂቶቹን ግን ድርጅቱ ከመወረሱ በፊት ለሠራተኞቹ ሸጦላቸው ስለነበር የግል ናቸው። አንዱ የድርጅቱ መዛኝ የነበረው የአቶ ወልደኪዳን ነበር፤ የገዛሁት እሱን ነው። ሽያጩ በማዘጋጃ ቤት ጸድቆ ቤቱ በስሜ ተዛወረ። ከመግዛቴ በፊት ምሰሶዎቹን በመዶሻ እየመታሁ ምስጥ መኖር አለመኖሩን አየሁ፤ ጣሪያ ላይ ወጥቼ ቆርቆሮውን ምስማር በምስማር ተመለከትኩ። አቶ ወልደኪዳን፣ «መምህር፣ ቤት ነው የሚገዙት ወይስ ተማሪ ነው የሚፈትኑት?» ብሎ ሳቀብኝ። ስለ ጓሮው ምንም አልነገረኝም። ስለ ጓሮ መጠየቅ የሚገባ መሆኑንም በዚያን ጊዜ የሚያውቅ ገዢ አልነበረም።

ወ/ሮ ትርፊት የአቶ ወልደኪዳን የሟች ወንድም የአቶ ዳኘ ሚስት ናት፤ ቤቷ ከእኔ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። የገዛሁትን ቤት አቶ ወልደኪዳን ይተውልኛል ብላ ትጠብቅ ስለነበር ለአንድ ዓመት ያህል ሰላምታ ነስታን ነበር። ይህን ሳልጠየቅ የምናገረው ፖሊስ ከሌላ ሰው ሰምቶ ለጥርጣሬው መነሻ እንዳደረገው ስለማውቅ ነው። ቂም ግን አልቆየም። አንድ ቀን ባለቤቴ በር ላይ ጎመን ስትቀነጥስ ሳትጠራት መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች፤ ከዚያ ወዲህ የሁለቱ ወሬ አላልቅ ብሎ እኔ ነኝ የተቸገርኩት።

በእኛ ጓሮ እንሰት አይጸድቅም። ባለቤቴ ሁለት ጊዜ ተክላ ሁለቱንም ጊዜ ቢጫ ሆኖ ሞተባት። በወ/ሮ ትርፊት ጓሮ ግን የደረሰ እንሰት ነበር። ባለፈው ኅዳር ባለቤቴና አማቴ አብረዋት ሊፍቁ፣ የተፋቀውንም እኩል ሊካፈሉ ተስማሙ። እርሾውን የሰጠችው ወ/ሮ ትርፊት ናት። ተካፍለው የየራሳቸውን ድርሻ በየጓሯቸው ጉድጓድ ቆፍረው፣ ኮባ አንጥፈው፣ ቆጮ እንዲሆን ቀበሩ።

ጉድጓዱ ሲቆፈር አይተሃል ወይ ተብዬ ተጠይቄ አላየሁም ብያለሁ። በአገራችን ሴቶች በእንሰት ሥራ ላይ ሲሆኑ ወንድ ወደ ጓሮ አይዞርም። ዲግሪ ያለውም አይዞርም። እኔ በፊት ለፊት በኩል ተቀምጬ የተማሪ ፈተና ሳርም ከጓሮ ሳቃቸውን እሰማ ነበር።

ጉድጓዱ የተከፈተው በዚህ በግንቦት ወር መጀመሪያ ነው። እኔ በዱራሜ በመምህራን ሴሚናር ላይ ነበርኩ። ቅዳሜ ስመለስ ቤቱ ተዘግቶ አገኘሁት። ባለቤቴና አማቴ ከቆጮው በልተው በዚያው ምሽት ማስመለስና ማስቀመጥ ጀምሯቸው ኖሮ፣ ጎረቤት ጠርታ በቃሬዛ ሆስፒታል ያደረሰቻቸው ወ/ሮ ትርፊት ናት። አማቴ እኔ ከመድረሴ በፊት አርፈው ነበር። ሐኪሙ «መርዝ የበላ ሰው ምልክት ነው» አሉኝ፤ ምን ዓይነት መርዝ እንደሆነ ግን ለማወቅ መሣሪያ እንደሌላቸው ነገሩኝ። ወ/ሮ ትርፊት በማግስቱ ከባለቤቴ አልጋ አጠገብ ተይዛ ሄደች።

ባለቤቴን በሆስፒታል ጠይቄያታለሁ። የጉድጓዱን ቦታ ማን መረጠው ስላት፣ «እማዬ ናት። ሌላው ጓሮ ጠጠር ነው፤ እዚያ ጋ ዶማው እንደ አመድ ውስጥ ነው የገባው» አለችኝ። በአፈሩ ውስጥ የተለየ ነገር አይታችኋል ወይ ብዬ ስጠይቃት፣ «ነጭ፣ የረጠበ ኖራ የሚመስል ነበር። እማዬ ‹ኖራ ነው፣ ትል ያባርራል› ብላ ደስ አላት። ትርፊት አልነበረችም፤ የራሷን እየቀበረች ነበር» ብላ መለሰች። ቀጥላም፣ «እማዬ ተሻላት?» አለችኝ። እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።

ለቆጮ ጉድጓድ ለስላሳ አፈር ይመረጣል። ሴቶቻችን ይህን ከእናቶቻቸው ያወቁት ነው፤ በየትኛውም የገጠር ጓሮ ትክክል ነው። በእኛ ሰፈር ግን ለስላሳ አፈር ማለት ቀደም ሲል ተቆፍሮ የተደፈነ አፈር ማለት ነው። ነጩ ነገር ቆዳ እንዳይነቅዝ ይነሰነስ የነበረው መድኃኒት ነው ብዬ እገምታለሁ። እንደዚህ ያለው መድኃኒት ሰው ይገድላል። መርምሬ አላረጋገጥኩም፤ በትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ ለዚህ የሚያስፈልገው ኬሚካል የለም። «እገምታለሁ» ያልኩት «አውቃለሁ» ተብሎ እንዳይጻፍ።

ከዚህ በኋላ ጃጁራ ከተማ ሄጄ አሁን እዚያ ሱቅ ከፍቶ የሚነግደውን አቶ ወልደኪዳንን አነጋግሬያለሁ። ድርጅቱ ሲዘጋ የተረፈው መድኃኒት የት ደረሰ ብዬ ጠየቅኩት። «ቅበሩት ተባልን፣ ቀበርነው። ከቤቶቹ ጀርባ ነው፤ ዝናብ ነበር፣ ቦታውን እንኳ በደንብ አላስታውስም» አለኝ። ሲሸጥልኝ ለምን እንዳልነገረኝ ብጠይቀው፣ «እኔ የሸጥኩልዎ ቤት ነው፤ ጓሮ አልሸጥኩም። ጓሮው የመንግሥት ነው» አለ። መጥቶ ይህንኑ ለፖሊስ እንዲናገር ለመንኩት። «መምህር፣ የሕዝብ ንብረት መሬት ውስጥ ቀብሬያለሁ ብዬ በራሴ ላይ ልፈርም?» አለኝ። የወንድምህ ሚስት ታስራለች አልኩት። መደርደሪያው ላይ ያለውን ሳሙና እያስተካከለ፣ «እሷ ጠንካራ ናት» አለ።

በማግስቱ ወደ ቀበሌው ሊቀመንበር ወደ ጓድ አክሊሉ ሄጄ፣ ሰዎች ባሉበት ጓሮዬን ቆፍሬ የተቀበረውን ላሳይ ፈቃድ ጠየቅኩ። «ቤቱ የእርስዎ ነው፣ መሬቱ የመንግሥት ነው። የመንግሥት መሬት እንዲሁ አይቆፈርም» አሉኝ። ባለቤቴ ስትቆፍር ማንም ፈቃድ አልጠየቃትም ብላቸው፣ «እሷ ለቆጮ ነው፣ እርስዎ ለክስ ነው» ብለው መለሱልኝ። መጋዘኑ በቅርቡ ለመኖሪያ ተከፋፍሎ ቤት ለሌላቸው እንደሚታደልም ገልጸው፣ የሰፈሩን ስም በሕዝብ ዘንድ እንዳላጠፋ አስጠነቀቁኝ። ቤት ሲታደል ጓሮ አብሮ እንደሚታደልና እዚያ የሚገቡት ሴቶች ሁሉ ለስላሳ አፈር እንደሚፈልጉ ላስረዳቸው ሞከርኩ። ስብሰባ አለብኝ ብለው ተነሡ።

በረድፉ ጫፍ የምትኖረውን ወ/ሮ አሰገደችንም የቀበረችውን ቆጮ እንዳታወጣ ነግሬያታለሁ። «ታዲያ ልጆቼ ምን ይብሉ? እስካሁን ስንበላ ያስመለሰው እኮ የለም» አለችኝ። የእሷ ጉድጓድ ደህና ቦታ ላይ ይሁን አይሁን አላውቅም። የሚያውቅም የለም።

ወ/ሮ ትርፊት ቆጮውን አለመመረዟን በምን ታስረዳለህ ተብዬ ተጠይቄ የሚከተለውን መልሻለሁ። እንሰቱ አንድ ነው፣ እርሾው አንድ ነው፣ የተፋቀበት ቀን አንድ ነው። ወ/ሮ ትርፊት ከራሷ ድርሻ በልታ አልታመመችም። እኛ ቤት የተለየው ነገር የተቀበረበት ጉድጓድ ብቻ ነው። ሃምሳ አለቃው፣ «እኛም የያዝናት እኮ ለዚህ ነው፤ የእናንተን የበላ ሞተ፣ የራሷን የበላች እሷ ደህና ናት» አሉኝ። እርሾው ከመከፋፈሉ በፊት ገብቶ እንደተቦካ፣ ከተቀበረ በኋላም ጉድጓዱን የሚጠብቁት አማቴ እንደነበሩ፣ የከፈቱትም ራሳቸው እንደሆኑ አስረድቻለሁ። ከእኛ ጉድጓድ የተረፈው ቆጮ በኤግዚቢትነት ተወስዷል፤ አፈሩ ግን አልተወሰደም። አፈሩም አዲስ አበባ ተልኮ እንዲመረመር ጠይቄ፣ አፈር የወንጀል ዕቃ ሆኖ እንደማያውቅ ተነግሮኛል።

ዛሬ ጠዋት ተራ ስጠብቅ ወ/ሮ ትርፊትን በኮሪደሩ ሲያሳልፏት አየኋት። «መምህር» አለችኝ፤ «ልመርዝ ብፈልግ ያኔ ቤቱን ሲገዙ አልመርዝዎም ነበር? አሁን ጣቢታን ገድዬ ከማን ጋር ልፍቅ?» ጠባቂው ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። «ለእሷ ሾርባ ያድርሱላት፣ የሆስፒታሉን አትወደውም» ብላ አለፈች። ከዚህ በቀር አልተነጋገርንም።

ቤቱን ለቅቀህ ለምን አልወጣህም ተብዬም ተጠይቄያለሁ። ሌላ ቤት የለኝም፤ በአንድ ሰው ስም ከአንድ ቤት በላይ አይፈቀድም። ይህን ልሽጥ ብል የማውቀውን ለገዢው መናገር አለብኝ፤ ከነገርኩት አይገዛም። ሳልነግረው ልሸጥ ደግሞ አልችልም። ሰው ቢጠይቀኝ የምመልሰው ይህንኑ ነው፤ ከዚህ ስወጣም የምገባው እዚያው ነው።

የሰጠሁት ቃል ተነቦልኝ አዳምጫለሁ። «እርሾ» ባልኩበት ቦታ «የሰጠቻቸው ነገር» ተብሎ ተጽፎ ስላገኘሁት እንዲታረም ጠይቄ ታርሟል። ማንም ሳያስገድደኝ የተናገርኩትና እውነት መሆኑን የማምንበት ስለሆነ በፊርማዬ አጸናለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ኤሊያስ ዶባሞ

የቃል ተቀባዩ ማስታወሻ፦ ምስክሩ «ወ/ሮ ትርፊት ትፈታ» የሚል ቃል በመጨረሻ እንዲጨመርለት ጠይቋል። ማመልከቻ እንጂ የምስክር ቃል ባለመሆኑ አልተጨመረም። «ወ/ሮ ትርፊት ከራሷ ድርሻ በልታ አልታመመችም» የሚለው ለክሱ ጠቃሚ ሆኖ ስለተገኘ ከሥሩ ተሰምሮበት፣ ከተጠርጣሪዋ ጋር ወደ አውራጃው ፍርድ ቤት እንዲላክ ተደርጓል።

ፊርማ፦ ሃምሳ አለቃ ተረፈ ወልደየሱስ