ትኩሳት እንግዳ አይደለም

በእርጅና ዘመን ከሚገኙ ጥቂት ደስታዎች አንዱ፣ ሰው ሲከራከር ዝም ብሎ መስማት ነው። ከሁለት ክረምት በፊት ይህ ደስታ በኒያካር ገበያ መውጫ ላይ ሳላስበው ገጠመኝ። ወደ መንደራችን የሚመለስ የፈረስ ጋሪ አግኝቼ ስወጣ፣ ሽማግሌው ሴሙ ቲያው በዘይት ጀሪካንና በጨው ከረጢት መካከል ተደላድለው ተቀምጠዋል። ሰላምታችንን ሳንጨርስ የኒያካር ጤና ጣቢያ ነርስ ላንዲንግ ባጂ የክትባት ሳጥኑን አንግቶ እየሮጠ ደረሰና ያለ ግብዣ ዘሎ ወጣ። በማግስቱ በመንደራችን ሕፃናትን ሊከትብ ነበር የሚመጣው።

ሴሙ በወጣትነታቸው በትግል ግጥሚያ ጀርባቸው መሬት ነክቶ የማያውቅ ተጋጣሚ ነበሩ። ሴሬር በሚባለው ሕዝባችን ዘንድ ውርስ በእናት በኩል ስለሆነ፣ ወራሻቸው የእህታቸው ልጅ ዲዬጋን ነው። አሳድገውታልና እሱም እንደ አባት ያያቸዋል። ላንዲንግ ደግሞ ከደቡብ የመጣ የጆላ ጎሳ ሰው ነው። ሴሬርና ጆላ የሁለት እህትማማቾች ልጆች ነን ይባላል፤ ስለዚህ መሰዳደብ ይፈቀድልናል፣ መቀያየም ግን ነውር ነው። ልጅ እግሩ ጆላ የሰባ ዓመት ሴሬር ላይ ቢያላግጥ የሚያፍረው የተቆጣው ሽማግሌ ነው።

«አንተ ሽማግሌ፣ ጠጋ በል እንጂ። ጋሪው የአያቶችህ ርስት መሰለህ?» አለ ላንዲንግ።

«ሎሌ ከጌታው ጎን ሲቀመጥ አየሁ፤ ዘመኑ አለቀለት» አሉና ሴሙ ጠጋ አሉ። «ዛሬስ ሩዝ በላህ ወይስ ገና እየለመንክ ነው?»

«በልቻለሁ። ያንተንም ድርሻ ጨምሬ ነው የበላሁት።»

ጋሪ ነጂው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ፈረሱ ውሃ ባቆረው መንገድ ላይ ቀስ እያለ ይሄዳል። ትንሽ እንደሄድን ላንዲንግ፣ «ዲዬጋን እንዴት ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ዲዬጋን ከዚያ በፊት በነበረው የመኸር ወቅት የኦቾሎኒ ገለባ ሲጭን ፈረስ ደንብሮበት፣ የጋሪው ዘንግ ከግራ ጎድኑ በታች መትቶት ነበር። ጣፊያው ፈነዳ። ወደ ከተማው ሆስፒታል ስንወስደው እኔ በሕይወት ይመለሳል ብዬ አልጠበቅሁም። ደሙ አልቆም ስላለ ሐኪሞቹ ሆዱን ከፍተው ጣፊያውን አወጡት። ተሸክመነው የሄድነው ልጅ በእግሩ ተመልሶ መጣ፤ በዓይኔ ያየሁት ቢሆንም እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

«ደህና ነው» አሉ ሴሙ። «ጥላ ሥር አስቀምጬዋለሁ። ውሃ እንኳ ራሱ አይቀዳም።»

«ለምን? የቆረጡት እግሩን ነው እንዴ?»

«ሆዱ ጎድሏላ። ፈጣሪ ትርፍ ነገር አይፈጥርም። አንድ ነገር የጎደለው ሰው እንዴት መቆፈሪያ ያነሳል? መሬቱንም ለታናሽ ወንድሙ ለላትየር ሰጥቼዋለሁ። ለልጄ አዝኜ ነው፤ ጠልቼው መሰለህ?»

ጠልተውት እንዳልሆነ እኔ ምስክር ነኝ። ዲዬጋን በሃያ አምስት ዓመቱ እንደ አራስ እየተመገበ ይውላል፤ በአጠገቡ የሚያልፍ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። የእጮኛው የዲቦር አባትም ሠርጉን «እስቲ ክረምቱ ይለፍ» ብለው ገፍተውታል። ቁስሉ ድኖ ሰውየው አልዳነም ነበር።

«እንግዲህ ስማኝ» አለ ላንዲንግ። «ማሽላህ ሲያሸት ግሪሳ የሚጠብቅ ሰው ማማ ላይ ታወጣ የለም?»

«አወጣለሁ።»

«ጠባቂው ከማማው ቢወርድ ማሽላው ማደጉን ያቆማል?»

«ጆላ ሩዝ እንጂ ማሽላ መች ያውቃል? አያቆምም።»

«ጣፊያ ያ ጠባቂ ነው። ደማችን ውስጥ የሚገባውን ጀርም እየለቀመ ያባርራል። የልጅህ ጠባቂ ወረደ፤ ማሳው ግን ያው ማሳ ነው። ጉልበት ጣፊያ ውስጥ አይቀመጥም። ሐኪሙ ከባድ ነገር እንዳያነሳ ያዘዘው ቁስሉ እስኪጠና ነበር፤ እሱም ካለፈ ቆየ። አሁን ያደከመው መቀመጡ ነው። አንተንስ ይህን ያህል ጊዜ ቢያስቀምጡህ ማን ያነሳሃል?»

«ያርስ ነው የምትለኝ?»

«ይረስ። ያግባ፣ ይውለድ። መታገልም ቢያምረው ሐኪሙ አይቶ ይፈቅድለታል።»

ሴሙ ነገሩ እንደገባቸው ከፊታቸው አነበብሁ፤ ግን ያሳደጉትን ልጅ በአንድ ቃል አደጋ ላይ የሚጥል ሰው አይደሉም። «ጠባቂው ከወረደ ታዲያ የምፈራው ነገር የለም ማለት ነው?» ብለው ጠየቁ።

«አለ እንጂ። ትኩሳትን ፍራ።»

ሽማግሌው ከት ብለው ሳቁ። «ይህንንማ ከሆስፒታል ስንመለስ ነግረኸኛል። ‹ግንባሩ ከጋለ እየሮጥክ አምጣው፤ ከዘገየህ ላሞችህን ነድቼ ለጆላ አከፋፍላቸዋለሁ› አልከኝ። ለሴቶቹ ስነግራቸው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።»

«ሳቃችሁ?»

«ምን እናድርግ ታዲያ? ትኩሳት እንግዳ ነው፤ ሦስት ቀን ተስተናግዶ ይሄዳል። አባቶቻችን በኪንኬሊባ ቅጠል ነው የሸኙት። ዛሬ ጠዋትም በረደኝ ሲል ብርድ ልብስ አልብሼው፣ ባለቤቴን ያንዴን ቅጠሉን አፍዪለት ብያት ነው የወጣሁት።»

ላንዲንግ ሳጥኑን ከጭኑ ላይ አውርዶ ወደ ሽማግሌው ዞረ።

«አባቴ» አለ።

የሴሙ ሳቅ ፊታቸው ላይ ደርቆ ቀረ። «ምን አልከኝ?»

«አባቴ፣ ያን ቀን አልቀለድኩም ነበር። ቁም ነገሩን በቀልድ ጠቅልዬ የሰጠሁዎት ግን እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። እርስዎና እኔ ትኩሳት ቢይዘን ሦስት ቀን እንችል ይሆናል። ዲዬጋን አይችልም። ጠባቂ የሌለው ማሳ ውስጥ ጠዋት የገባ ግሪሳ እስኪመሽ ሊጨርሰው ይችላል። እባክዎን፣ ዛሬውኑ ይዘነው ወደ ጤና ጣቢያ እንመለስ።»

ሴሙ ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር፣ ጆላው አክብሮ ጠራኝ» አሉ። «ልጄ ሊሞትብኝ ነው ማለት ነው?»

«ካልዘገየን ተስፋ አለ» አልኳቸው። ሽማግሌው ጋሪ ነጂውን ትከሻውን ይዘው፣ «ልጄ፣ ፍጠን» አሉት።

ስንደርስ ዲዬጋን በሁለት ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ጥርሱ ይንገጫገጫል። ግንባሩ ይፋጃል። ለእንዲህ ያለው ቀን ከሆስፒታል የተሰጠው ኪኒን፣ አንድም ሳይጎድል፣ ግድግዳው ላይ በዘንቢል ተንጠልጥሏል። ላንዲንግ አውርዶ የመጀመሪያውን አዋጠው። የሴሙ ባለቤት ያንዴ የቅጠሉን ጎድጓዳ ሳህን እንደያዘች በር ላይ ቆመች።

«ገና የመጀመሪያ ቀኑ ነው እኮ» አለች። «እንግዳውን በመጣበት ቀን ማባረር የት አየን? ሰውስ ምን ይለናል?»

«ሰው የሚለውን ነገ እንሰማለን» አሉ ሴሙ። «አሁን ልጁን አንሺልኝ።»

እሷ ሳህኑን እስክታስቀምጥ እንኳ አልጠበቁም። በዚያ ዕድሜያቸው ጎንበስ ብለው ልጁን ከነብርድ ልብሱ አቅፈው ጋሪው ላይ አወጡት። ራሱን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ጋሪው በተንገጫገጨ ቁጥር በእጃቸው ደገፍ እያደረጉት ሄድን። ሴሬርና ጆላ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ቃል ሳይሰዳደቡ የጨረሱትን ጉዞ እኔ ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ደሙ ሲታይ ወባ ነው። ላንዲንግ ግን «ወባው ብቻውን ላይሆን ይችላል» ብሎ፣ ሌላውንም ጀርም የሚገድል መርፌ ወግቶት በአምቡላንስ ወደ ከተማ ላከው። እዚያ ያየው ሐኪም ለሴሙ የነገራቸው አጭር ነገር ነው፤ «በጊዜ አምጥታችሁታል» አላቸው። እኒያ በትግል ሜዳ ስማቸው ሲዘፈን ፈገግ የማይሉ ሰውዬ ይህን ሲሰሙ አለቀሱ።

ዲዬጋን ድኖ በተመለሰ ሰሞን ላንዲንግ ሊጠይቀው መጣ። ግቢው ውስጥ እንደገባ፣ «አንተ ሽማግሌ፣ ከጌታህ ፊት ተነስተህ አትቆምም?» አለ።

«ተመስገን» አሉ ሴሙ፣ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው። «ሰደበኝ። እንግዲህ ልጄ ድኗል።»

«ድኗል። ግን ውል እንግባ። ከእንግዲህ ስለ ጤና ስነግርህ መጀመሪያ ቁም ነገሩን ነው፤ ስድቡ ይከተላል።»

«ስድቡን አታስቀርብኝ እንጂ ይሁን።»

በዚያው ሳምንት ሴሙ እኔን አስከትለው ወደ ዲቦር አባት ወደ ንጎር ንዱር ቤት ሄዱ። ንጎር ጨዋ ሰው ናቸው፤ ምንጣፍ አነጠፉልን፣ ውሃ ሰጡን፣ ከዚያም በትሕትና እምቢ አሉን።

«ሴሙ፣ አከብርዎታለሁ» አሉ። «ግን ልጄን ለጎዶሎ ሰው ሰጥቼ በልጅነቷ መበለት ላድርጋት?»

«እኔም እንደ እርስዎ ነበርኩ» አሉ ሴሙ። «ልጄን ከሥራ እጠብቀው ነበር፤ የሚገድለውን ግን ቅጠል አፍልቼ አስተናገድኩለት። ጣፊያ ማለት ወንጭፍ ይዞ ማማ ላይ የሚቀመጥ ነው።» እዚህ ላይ ንጎር በግርምት አዩኝ፤ እኔም ዓይኔን ሰበርኩ። «የእኔ ልጅ ማማው ባዶ ነው። ስለዚህ ክትባቱን በጊዜው ይወስዳል፤ አጎበር ሥር ይተኛል። ትኩሳት ሲነካው ያንኑ ሰዓት ኪኒኑን ውጦ ጤና ጣቢያ ይገባል። ይህን ከጠበቀ እንደማንኛችንም ነው። ለላትየር የሰጠሁትን መሬት መልሼለታለሁ፤ ለላትየር ሌላ እፈልግለታለሁ። ወንድሜ ንጎር፣ የጎደለው የእኛ ዕውቀት እንጂ የልጁ ሰውነት አይደለም።»

ንጎር ሲያመነቱ ዲቦር ከጓዳ ተናገረች። «አባዬ፣ ትኩሳቱን እኔ እጠብቀዋለሁ። ማሽላ ስጠብቅ አይደል ያደግሁት?»

«ሽማግሌ ሲነጋገር ጓዳ ሆኖ የሚያዳምጥ ማነው?» አሉ ንጎር። ግን እየሳቁ ነበር፤ ሠርጉ ከመኸር በኋላ ሆነ።

እኔ በሰው ጉዳይ መምከር የምወድ የቀድሞ አስተማሪ ነኝና፣ ይህን ታሪክ ለምን እንደጻፍሁት ልናገር። ከሞት የተመለሰን ሰው ስንወደው፣ ብዙ ጊዜ ሳናውቀው ዳር አውጥተን እናስቀምጠዋለን። የሐኪም ሥራ በስፌት ያልቃል፤ የቀረውን የምንሠራው እኛ ዘመዶቹ ነን። መሬቱን፣ ሥራውንና ትዳሩን እንመልስለት። የሚፈራውንም ነገር ለይተን እንወቅለት፤ ፍርሃት ቦታውን ከሳተ ከበሽታው አይሻልም። ዛሬ በመንደራችን ጣፊያ ያለውም የሌለውም ትኩሳት ሲይዘው ሦስት ቀን አይቆይም፤ በዚህም ምክንያት ስንት ሕፃን እንደተረፈ እናቶች ይናገሩ።

ዘንድሮ ክረምት ከሴሙ ጋር በዲዬጋን ማሳ በኩል አለፍን። ልጁ ከጠዋት ጀምሮ አረም ሲኮተኩት ውሎ፣ መቆፈሪያውን ጥሎ ሣር ላይ ተዘርግቷል። ላቡ በደረቱ ይወርዳል፤ ዲቦር ውሃ ይዛ ከጎኑ ተቀምጣለች።

«ምነው ተጋደምክ?» አሉት አጎቱ።

«ደክሞኝ ነው አጎቴ። ዛሬስ ወገቤ ተቆረጠ።»

ሽማግሌው ክንዴን ያዙና፣ ልጁ እንዳይሰማቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሰማህ መምህር?» አሉኝ። «ሠርቶ ነው የደከመው።»