ያልተፈተኑት አሥራ ዘጠኝ

ለቅሶ ልደርስ ወደ ፍስሐ ገነት የምሄድበት ቀን ነበር። ዲላ መናኸሪያ ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ ስቀመጥ ከጎኔ ያገኘኋት የማማክራት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዬ ነዋል ነዚፍ ናት። ባለፈው ሳምንት ጥናቷን እንደገና ልትሠራ ጊዜ ስትጠይቀኝ ከልክያታለሁ። እሷ ግን የከለከልኳትን ልታደርግ እየሄደች ነበር። ሁለታችንም ትንሽ አፈርን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነዋል የምትገመግመው የሦስተኛ ክፍል ልጆችን ንባብ ለማሻሻል በአምስት ትምህርት ቤቶች የተጀመረ ፕሮግራም ነው። በኅዳር የተሰጠው ፈተና ውጤት ያማረ ነበር፤ እኔም ረቂቁ ላይ «ድንቅ ነው» ብዬ ጽፌበታለሁ። በሚመጣው ዓመት ፕሮግራሙ ወደ ጨለለቅቱና ወርቃ ትምህርት ቤቶችም የሚሰፋው ይህ ጥናት ታይቶ ነው። በኋላ ግን ነዋል የፍስሐ ገነቱን ትምህርት ቤት ስም መጥሪያ ስታገላብጥ፣ ከአርባ ስድስቱ ልጆች የተፈተኑት ሃያ ሰባት ብቻ ሆነው አገኘች።

«የሚቀር ልጅ የትም አለ፣ ነዋል» አልኳት መኪናው ሲንቀሳቀስ። «የተገኘውን መተንተን ነው። ሃያ ዓመት እንዲህ ሳማክር ኖሬያለሁ። ሰኔ ላይ ካልተመረቅሽ አባትሽን ምን ልትያቸው ነው?»

አባቷ አቶ ነዚፍ ዲላ ውስጥ ጨርቅ ይነግዳሉ፤ ለምርቃቷ ዘመድ ከቡታጅራ ጠርተው ጨርሰዋል።

«አባቴ እንደሚቆጣ አውቃለሁ፣ ዶክተር። እኔም መመረቅ እፈልጋለሁ» አለችኝ። «ግን ኅዳር የቡና ለቀማ ነው። የቀሩት ለቀማ የሄዱት የድሃ ልጆች ከሆኑ፣ እኛ የለካነው ፕሮግራሙን ሳይሆን የወላጅን ኑሮ ነው።»

የተረታ መምህር ስልኩን ያወጣል፤ እኔም አወጣሁ።

ከለቅሶው ስመለስ ወደ ትምህርት ቤቱ ጎራ አልኩ። ነዋል ከርእሰ መምህሩ ከአቶ ባርናባስ ጋር ስትከራከር ደረስኩ። አቶ ባርናባስ ሠላሳ ዓመት ያስተማሩ ጨዋ ሰው ናቸው። እንግዳ ሲመጣ ጎበዞቹን ማቅረብ ለእሳቸው የቤት ወግ ነው፤ የደከሙትን ማሳየት ትምህርት ቤቱን ማዋረድ ይመስላቸዋል።

«ዶክተር፣ ይህች ልጅ ስማችንን ልታጠፋ ነው የመጣችው?» ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

ከእኔ የጠበቁት ድጋፍ ነበር፤ ጠዋት ቢጠይቁኝ እሰጣቸው ነበር። «ግድ የለም፣ ያንብቡና እንያቸው» አልኩ።

ከለቀማ የተመለሱት አሥራ ዘጠኙ ልጆች ተራ በተራ እየመጡ ነዋል አጠገብ ተቀመጡ። ነዋል በአባቷ ሱቅ በለመደችው ጌዴኦኛ ታበረታታቸዋለች። ፀጋ የምትባል ልጅ ወረቀቱን ይዛ ለንባቡ የተሰጣት አንድ ደቂቃ እስኪያልቅ አንድም ቃል አላነበበችም። ከዚያ በሁለት እጇ መለሰችና በጌዴኦኛ አንድ ነገር ተናገረች። አቶ ባርናባስ አንገታቸውን ደፉ።

«ምን አለች?» አልኳቸው።

«‹ሌሎቹ ይሄን የተማሩት እኛ ወርቃ ቡና ስንለቅም ነው› ነው የምትለው።» ቀና አሉ። «እንዲሄዱ የፈቀድኩት እኔ ነኝ። የንባቡን ሰዓት በዚያው ወቅት ያደረግኩትም እኔው ነኝ።»

ከአሥራ ዘጠኙ ማንበብ የቻሉት አራት ብቻ ነበሩ። ነዋል ግን በእሳቸው ላይ አልጨከነችም። «ጋሼ፣ ፕሮግራሙ መጥፎ አይደለም፤ የተማሩት ልጆች አንብበዋል። የከፋው ጊዜው ነው። ይህን ደብቀን ወደ ወርቃ ብንወስደው የዚያም ልጆች እንዲሁ ይቀራሉ።»

«እንግዲያውስ ጻፊው» አሏት። «የትምህርት ቤቱን ስም ሳትደብቂ ጻፊው።»

የጊዜ ማራዘሚያውን ደብዳቤ በማግስቱ ራሴ ጻፍኩ። የቀሩትን አራት ትምህርት ቤቶች አብሬያት ዞርኩ፤ ችግሩ ያው ነበር። ነዋል በሰኔ አልተመረቀችም፣ አቶ ነዚፍም ሳምንት ሙሉ አኮረፏት። በጥናቷ ምክንያት ግን ንባቡ ከለቀማ በኋላ እንዲሰጥ ተወሰነ፤ ፕሮግራሙ ወደ ጨለለቅቱና ወርቃ የሰፋውም በታረመው የጊዜ ሰሌዳ ነው። እኔም ዛሬ ተማሪ ረቂቅ ሲያመጣልኝ ሠንጠረዡን ከማየቴ በፊት ስም መጥሪያውን እጠይቃለሁ፤ ከቢሮ ሳይወጡ ማማከር ግማሽ ሥራ እንደሆነ ያስተማረችኝ ተማሪዬ ናት።

በዓመቱ ነዋል ተመረቀች። አቶ ነዚፍ ዘመዶቻቸውን እንደገና ጠሩ። አቶ ባርናባስም ከፍስሐ ገነት መጡ፤ ለስጦታ የያዙት አንድ የታጠፈ ወረቀት ብቻ ነበር። ነዋል ስትከፍተው የፀጋ የንባብ ውጤት ነው፦ በአንድ ደቂቃ አርባ አንድ ቃል።