የድሮውን መልስልኝ

(ድሬዳዋ፣ ከዚራ፤ የተካልኝ የሬዲዮና የቴሌቪዥን መጠገኛ። እትዬ የሺመቤት ተጠግኖ የወሰዱትን የሟች ልጃቸውን አሮጌ የቤት ኮምፒውተር መልሰው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠዋል።)

የሺመቤት፦ የድሮውን መልስልኝ ነው ያልኩህ። አዲስ ስጠኝ አላልኩም።

ተካልኝ፦ እትዬ የሺመቤት፣ ሰው ሻል ያለ ሲሰጡት ይመርቃል እንጂ ይጣላል?

የሺመቤት፦ ያመጣሁልህ ቁልፉ አልጫን ቢለኝ ነው። ሆድ ዕቃውን ቀይር ማን አለህ?

ተካልኝ፦ ከከፈትኩት አይቀር ብዬ ነዋ። የቀየርኩት ቺፕ ፋብሪካው የኮምፒውተሩን መነሻ ፕሮግራም ጽፎ የሚተክልበት ነው፤ ሲበራ የሚያስበው በእሱ ነው። የእርስዎ የመጀመሪያው ዕትም ነበር፣ ስህተት የሞላበት። ሲያካፍል ይሳሳታል፣ ካሴት ሲያነብ ደርቆ ይቀራል።

የሺመቤት፦ ሲደርቅ አጥፍቼ አበራዋለሁ። ለምጄዋለሁ።

ተካልኝ፦ ሁለተኛው ላይ ሒሳቡን አረሙት። ሦስተኛው ላይ ደግሞ ሁሉን አፍርሰው እንደገና ሠሩት። የገጠምኩልዎ ሦስተኛውን ነው፤ ፈጣን ነው።

የሺመቤት፦ ታዲያ ልጄ ናሁሰናይ ፊደል ሊያስተምረኝ የሠራልኝን ካሴት ስከትለት ፊደሉ የት ገባ? ትናንት ‹ቀ› ይመጣል ብዬ ብጠብቅ፣ ጉንዳን የመሰለ ነገር ቴሌቪዥኑን ወረረው።

ተካልኝ፦ ልጅዎ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ፊደሎቹን ሲሠራ በአቋራጭ ነው የሄደው። ቺፑ ውስጥ ያለውን ሥራ የሚጠራው በስሙ ሳይሆን በቤት ቁጥሩ ነው። በሦስተኛው ላይ ቤቶቹ ተዛውረዋል።

የሺመቤት፦ ሰፈሩን አፈረሱበትና ልጄ የማያውቀውን በር ያንኳኳል በለኛ።

ተካልኝ፦ እንደሱ ነው።

የሺመቤት፦ እንግዲያው ሰፈሩን መልስለት።

ተካልኝ፦ የማታ ትምህርት ይማሩ የለ? ፊደሉን መምህሯ ያስጨርሱዎታል።

የሺመቤት፦ እዚያ ስሳሳት ክፍሉ ሁሉ ዞሮ ያየኛል። ይሄ ግን ‹እማዬ፣ እንደገና ሞክሪ› ብሎ ይጽፍልኛል። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበብኩት እሱን ነው። ከዚህ ሌላ ናሁሰናይ እማዬ የሚለኝ የት ነው?

ተካልኝ፦ ይገባኛል። ግን ባለፈ ክረምት ቤት አይሠራም፣ እትዬ።

የሺመቤት፦ ተረቱን ተወውና ያወጣኸውን አሳየኝ።

ተካልኝ፦ እሱማ የትም አይሄድም። ስለ ሁለተኛው ስነግርዎ...

የሺመቤት፦ ከገባሁ ጀምሮ ስለ አዲሱ ታወራለህ፣ እጅህን ግን ከመሳቢያው ላይ አላነሳህም።

ተካልኝ፦ ልማድ ነው።

የሺመቤት፦ ክፈተው።

ተካልኝ፦ አይቆጡኝ እንግዲህ። አውጥቼ ላጸዳው ብል ተጣብቆ አልወጣ ሲለኝ በካቻቢቴ ፈነቀልኩት።

የሺመቤት፦ የቺፑን እግር ሰብረኸዋል።

ተካልኝ፦ አንዱን ብቻ።

የሺመቤት፦ በሬዬን አንካሳ አድርገህ ስታበቃ፣ ድሮም ሰነፍ ነበር ትለኛለህ?

ተካልኝ፦ አፈርኩ፣ እትዬ። ባዶውን ከምሰጥዎ ብዬ ነው ያለኝን የገጠምኩት።

የሺመቤት፦ ሽቦ አይቀጠልለትም?

ተካልኝ፦ ሞክሬ ነበር። የቀረው ጉቶ አጭር ነው፣ ብየዳው አልይዝ አለኝ። ደግሜ ብነካው ጭራሽ እገድለዋለሁ ብዬ ፈራሁ።

የሺመቤት፦ ያን በርጩማ ወደዚህ በለው። እዚሁ እቀመጣለሁ። አንተም መበየጃህን አሙቅ።

ተካልኝ፦ አሁንም ባይይዝስ?

የሺመቤት፦ ልጄ እኔን የሚለኝን ነው የምልህ። እንደገና ሞክር።