ለውሻው ማራገብ

ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ከኖርዌይ የመጣች ሚስዮናዊት ግቢ ዘበኛ ነኝ። ወደ ገጠር፣ ወደ ቢዮ አዋሌ ስትሄድ፣ «ውሻዬ ሙቀት አይችልም፤ አንድ ነገር ቢሆን ሥራህን እንደለቀቅክ ቁጠረው» አለችኝ። ሳሎን ያለውን ቬንትሌተር ከፍቼለት ገና ከቤት ከመውጣቴ መብራት ጠፋ። ውሻው ምላሱን አውጥቶ ሲያለከልክ፣ ምን ላድርግ፣ ካርቶን ቀድጄ አራግብለት ጀመር። ጎረቤታችን ሙሚና በመስኮት አይታኝ፣ «አቦ፣ ጌታህን ጠንከር አድርገህ አራግበው እንጂ!» ብላ ሳቀችብኝ።

እጄ ዝሎ ሊወድቅ ሲል ውሻው ራሱ ተነስቶ ወጣና ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ተጋደመ። እኔም ካርቶኔን ይዤ አጠገቡ ጋደም አልኩ። ስነቃ ማዳም ከሄደችበት ተመልሳ አናቴ ላይ ቆማለች። በቃ ተባረርኩ አልኩ። እሷ ግን አቧራ የጠጣ ጫማዋን አውልቃ አጠገባችን ዘጭ አለች። «እኔንም ሞቀኝ» አለች። ካርቶኑን አንስታ ማራገብ ጀመረች። ለማናችን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።