ወንጌላዊው እስኪፈታ

ልጆቼ፣ ይህ የሆነው በደርግ ዘመን፣ ቤተ ክርስቲያናችን በታሸገ በሁለተኛው ዓመት ነው። ወንጌላዊ ወንዳፈረው ሆሳዕና ከተማ ታስሮ ነበር። ሲወስዱት ምእመኑን ለእኔ አደራ ብሎ ሄደ። እኔ ሳህሉ፣ አራተኛ ክፍል ብቻ የደረስኩት ሰው፣ አደራውን የጠበቅሁት አንድ ትእዛዝ በመስጠት ነው። «ወንጌላዊው እስኪፈታ ማንም እንዳያስተምር፤ ለጎረቤትም እንዳይናገር» አልኳቸው። በእኔ ቃል ሰው ይታሰራል ብዬ እፈራ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ከጊምቢቹ ገበያ ስመለስ ጵርስቅላን መንገድ ላይ አገኘኋት። የሰፈራችን ልጅ ናት፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ መሠረተ ትምህርት ታስተምራለች።

«አባባ፣ እንደምን ዋሉ? ቤትዎ ልመጣ ነበር፤ እግዚአብሔር አገናኘን።»

«ቤትማ አትምጪ፣ ሰው ያያል። እየሄድን ንገሪኝ» አልኩና ወደ ኋላ ዞር ብዬ አየሁ። ያኔ የሁላችንም አንገት ወደ ኋላ መዞር ለምዶ ነበር።

«ትርፊትን ያውቋታል፤ የማኅበር ሱቅ ሠራተኛው ሚስት። ባሏ ወደ ሀቢቾ ስለተዛወረ ቅዳሜ ይሄዳሉ። ‹እናንተ የምትጠሩት ኢየሱስ እኔንም ይሰማኛል?› ብላ ከጠየቀችኝ ሁለት ሳምንት ሆነ። እኔ ግን ትእዛዝዎን አክብሬ ‹ቆይ› እላታለሁ።»

«ደግ አደረግሽ።»

«ደግ አላደረግሁም፣ አባባ።»

ንግግሯ የድፍረት አልነበረም፤ ዓይኗ መሬት መሬቱን ነው የሚያየው። ቀጠለችና «ነገ ስምንት ሴቶች ሆነን እንሰቷን እንፍቅላታለን። እዚያው ላስተምራት ይፍቀዱልኝ» አለች።

«አንቺ? ማን ሾመሽ? ሴት ነሽ፣ ገና ሃያ ሁለት ዓመትሽ። ወንጌላዊው ሲፈታ ያስተምራታል።»

«መቼ ነው የሚፈታው?»

እርምጃዬን አፈጠንኩ። «ቢይዙሽስ? እናትሽን በምን ዓይኔ አያታለሁ?»

«እኔም እኮ እፈራለሁ። ውሻ በጮኸ ቁጥር ሊወስዱኝ መጡ ብዬ ጫማዬን አደርጋለሁ። ግን ትርፊት ቅዳሜ ከሄደች ማን ይነግራታል? አባባ፣ አይቆጡኝና፣ ለእርስዎ ማን ነገረዎት?»

«ገነቴ ናት» አልኳት። ያረፈችው ሚስቴ ናት። አረቄ ጠጥቼ እየተንገዳገድኩ ስገባ ራቴን አቅርባ፣ ሳትቆጣ፣ በሀዲይኛ የምትነግረኝ እርሷ ነበረች።

«እማማ ገነቴ ማንበብ ይችሉ ነበር?»

«ሀሁን አትለይም።»

«ማን ሾማቸው ታዲያ?»

ይህን ስትል ኃይሉ የሚባለው የአብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን አንግቶ ከጀርባችን ደረሰ።

«እናንተ፣ ምን ትንሾካሾካላችሁ? የጴንጤ ስብሰባ ነው?»

«ነገ የትርፊትን እንሰት ልንፍቅ ነው፤ እርሱን ለአባባ እየነገርኳቸው ነው» አለችው ጵርስቅላ። «ከተጠራጠርክ መጥተህ አጠገባችን ቁም።»

«ሂጂ ወዲያ። ከምትፍቁበት መሃል ቆሜ የሰፈር መሳቂያ ልሁን?» ብሎ እየሳቀ አለፈን።

በእኛ አገር ሴቶች እንሰት ሲፍቁ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ አንድ እግራቸውን ሰቅለው ስለሆነ ወንድ አይጠጋም። ባል እንኳ ጉዳይ ካለው ከሩቅ ተጣርቶ ይመለሳል። ባለ ጠመንጃው የማይረግጠው ስፍራ ከጓሯችን እያለ፣ እኔ ያን ሁሉ ጊዜ የታሸገውን በር ብቻ አይ ነበር። ከወንዶች መሃል አስተማሪ ሳጣ አስተማሪ የለም አልኩ። ፍርሃቴንም አደራ መጠበቅ አልኩት።

«ልጄ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኳት። «አስተምሪያት። እጄን ጭኜ እንዳልጸልይልሽ መንገድ ላይ ነን፤ እንደሚሰነባበት ሰው እጅሽን ስጪኝ።»

እጇን እንደጨበጥኩ፣ ዓይኔን ሳልጨፍን፣ ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ ጸለይኩ።

በማግስቱ ደጄ ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። መኪና ባለፈ ቁጥር ሊወስዷት ይመስለኛል። እህልም አልበላ አለኝ። አሥር ሰዓት ላይ ሴቶቹ ከፍቂያው ተመለሱ። ጵርስቅላ ስታልፍ ሳትቆም «አምናለች» አለችኝ፤ ሌላ አልጨመረችም።

ቅዳሜ ትርፊት ሄደች። ከዚያ ወዲህ የከለከልኩትን አፍ ሁሉ ፈታሁ። ከድሆች ቤት እስከ ሹም ጓሮ፣ እንሰት በተፋቀበት ሁሉ ቃሉ ተነገረ። በዚያ ዓመት የጠፋብን ሰው የለም፤ ይልቁን ጨመርን። ዝም ብለን ብንቆይ ኖሮ ወንጌላዊው ሲፈታ የሚያገኘው እኔንና ፍርሃቴን ብቻ ነበር። ልጆቼ፣ ያወቃችሁትን ለመናገር የሚሾማችሁን አትጠብቁ፤ የጠየቃችሁ ሰው ካለ ያ ይበቃል። ፍርሃቱ ይሄዳል አልላችሁም፤ እኔን እስካሁን አለቀቀኝም።

ከሦስት ወር በኋላ አንድ የሀቢቾ ነጋዴ የትርፊትን መልእክት አደረሰልኝ። «አስተማሪ ላኩልን» ትላለች ብዬ፣ ማንን እንደምልክ እየተጨነቅሁ ነበር የሰማሁት። እንዲህ ነበር ያለችው፦

«ሰባት ሆነናል። እኔ ነኝ የማስተምራቸው። እፈራለሁ፤ ጸልዩልኝ።»