የመምህር ዘሩባቤል አምስት መቶኛ መጽሐፍ

አባቶች ካህናት፣ ከአዲስ ዓለም፣ ከካቺሲና ከሸነን መንገዱ ሳይበግራችሁ የመጣችሁ ዘመድ ወዳጆች ሁሉ፤ የመምህር ቄስ ዘሩባቤል ሀብተሥላሴን የሕይወት ታሪክ ታናሽ ወንድማቸው እኔ አሻግሬ አነብላችኋለሁ። ከለመዳችሁት ትንሽ ይረዝማልና ታገሡ፤ እንዲረዝም የሚያስገድድ ምክንያት አለ።

መምህር ዘሩባቤል ከአባታቸው ከአለቃ ሀብተሥላሴ ወርቅነህና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተማርያም ድንቁ በ1941 ዓ.ም. በአዲስ ዓለም ማርያም አጥቢያ ተወለዱ። አንድ ቦታ አርፎ መቀመጥ ከተፈጥሯቸው አልነበረምና ከአንዱ ጉባኤ ቤት ወደ ሌላው እየዞሩ ዜማውን፣ ቅኔውንና የመጻሕፍት ትርጓሜውን ተምረው፣ በ1964 ዓ.ም. ወይዘሮ ሰሎሜ ተክሌን በቁርባን አግብተው ቅስና ተቀበሉ፤ አምቦ ገብተውም በአንድ ትምህርት ቤት ግብረ ገብ ያስተምሩ ጀመር።

ደርግ መጥቶ ግብረ ገብን በማርክሲዝም ሲተካው ዝም ማለት የቻለ ሁሉ ዝም አለ፤ እሳቸው ግን የት ችለው! እግዚአብሔርን ከቤቱ ያስወጣ መንግሥት ሰውንም ከሰው ተራ ያወጣል የሚል ጽሑፍ በካርቦን እየገለበጡ ከጊንጪ እስከ ጉደር በተኑ። ጽሑፉን ወደ መጽሐፍ አሳድገው ረቂቁን እንደጨረሱ፣ በ1970 ዓ.ም. ከሚያስተምሩበት ክፍል ተወስደው ያለ ፍርድ አምስት ዓመት ታሰሩ። በዚያው ዕለት ረቂቁ ከቤታቸው ጠፋ። ጎረቤታቸውና የሥራ ባልደረባቸው ኦቦ ሆርዶፋ ኤጄታ ጠዋት ከቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሲወጡ ታይተው ነበርና፣ ያሳሰረኝም ረቂቄን ያስረከበውም እሱ ነው ብለው መምህር ዘሩባቤል ደመደሙ። እሳቸው ከእስር ከተፈቱ በኋላ ኦቦ ሆርዶፋ ሦስት ጊዜ መጥተው ቢያንኳኩ፣ ሦስቱንም ጊዜ ሳይሰሟቸው በራቸውን ዘጉባቸው።

ኮሙኒዝም ከሞተ በኋላ እንኳ ኦቦ ሆርዶፋን ይቅር አላሏቸውም። ከትዝታቸው እንደ አዲስ የጻፉት መጽሐፍ በ2007 ዓ.ም. በአምስት መቶ ቅጂ ታተመ፤ በገጽ ሰባ ሦስት ላይም ኦቦ ሆርዶፋን በስማቸው ጠርተው ከሃዲ አሏቸው። ይህም አልበቃ ብሏቸው፣ እንደ ጥንት የብራና ጸሐፊዎች ልማድ፣ ከዚህ መጽሐፍ አንዲት ቃል የፋቀ፣ አንድ ገጽ የገነጠለ ውጉዝ ይሁን ብለው በመጀመሪያው ገጽ ላይ በክህነታቸው ገዘቱ። አይ ጋሼ! ምን አስቸኮላቸው?

በ2009 ዓ.ም. የኦቦ ሆርዶፋ ባለቤት አዴ ባየሽ፣ ባላቸው ይቅርብሽ ቢሏቸውም የልጆቻቸው ስም መጉደፉ አላስችላቸው ብሎ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ይዘው፣ በኋላ ከገቡበት ከባላቸው አገር ከሸነን መጡ። ሲፈታ ያ የጠፋው ረቂቅ ሆኖ ተገኘ። ለካስ ኦቦ ሆርዶፋ ያን ዕለት ቀበሌ የገቡት ስለ ጎረቤታቸው ሊጠየቁ ተጠርተው ኖሯል። አላውቅም ብለው ወጥተው፣ ሊያስጠነቅቋቸው ትምህርት ቤት ቢደርሱ መምህሩ ተወስደዋል፤ ስለዚህ ፈታሾቹን ቀድመው ረቂቁን ከቤት አወጡና ሸነን በአባታቸው ጓሮ ባዶ ቀፎ ውስጥ ደበቁት። ወረቀቱ ያን ሁሉ ዘመን ቆይቶ ማር ማር ይሸት ነበር።

መምህር ዘሩባቤል ያን ቀን እህል አልቀመሱም። እንዳይፍቁት አውግዘዋል፤ እንዳይተዉት ሐሰት ነው። የነፍስ አባታቸውም በገዛ አፍዎ ያሰሩትን እኔ አልፈታልዎትም ብለው፣ ምንም ሳይፍቁ በእያንዳንዱ ቅጂ ኅዳግ ላይ እውነቱን በእጃቸው እንዲጽፉ ቀኖና ሰጧቸው። ከዚያ ወዲያ ዕረፍት የሚባል አላወቁም። ቀይ እስክርቢቶ ኪሳቸው ሸጉጠው፣ መጽሐፉን ማን ገዛ፣ ለማን አዋሰ እያሉ፣ መንገድ ሲከፈት በሚኒባስ፣ ሲዘጋ በእግር ሰባት ዓመት ዞሩ። ወይዘሮ ሰሎሜ እግራቸው ማበጡን እያዩ ቢቆጡ፣ ቢያለቅሱም፣ ሰሚ አላገኙም።

ሸነንም ሦስት ጊዜ ሄደው ሁለቱን ጊዜ በር ተዘጋባቸው፤ ማንንም አልወቀሱም። በሦስተኛው ኦቦ ሆርዶፋ አስገብተው ማር አቀረቡላቸው፤ የራሳቸውን ቅጂ ግን አልሰጧቸውም። ሌላውን ሁሉ ሲጨርሱ ይምጡ፣ የእኔ የመጨረሻው ይሁን አሏቸው።

አራት መቶ ዘጠና ዘጠነኛው ባለፈው ታኅሣሥ ካቺሲ ላይ ታረመ። በማግስቱ ወደ ሸነን ሊነሡ ሲሉ የቆየው የልብ ሕመማቸው ጣላቸው፤ ሐኪም ተኙ ሲላቸው ጫማዬን አምጡ እያሉ ሦስት ሳምንት በሕክምና ቆይተው፣ ጥር 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በሰባ አምስት ዓመታቸው ዐረፉ። ሸነን ሳልደርስ እያሉ ነው የሄዱት፤ እኛንም የሚያቃጥለን ይኸው ነው።

ዛሬ ጠዋት ኦቦ ሆርዶፋ ያን ቅጂ በብብታቸው ይዘው መጡ። እስክርቢቶውን ብንሰጣቸው አልተቀበሉም፤ ስሜ የጎደፈው በሕዝብ ፊት ነውና የእኔው ቅጂ በሕዝብ ጆሮ ይታረም፣ ቄሱም ይረፉ አሉ። እንግዲህ ወንድማችን በአራት መቶ ዘጠና ዘጠኝ ኅዳግ ላይ የጻፉትን ስሙልን፦ «እኔ ዘሩባቤል በሆርዶፋ ኤጄታ ላይ በሐሰት መሰከርሁ። የደበቀልኝን ሰው አሳልፎ ሰጠኝ አልሁ። ሦስት ጊዜ በሬን አንኳኳ፤ አልከፈትሁለትም። ይህን ያነበበ ሁሉ ስለ እኔ ይቅርታ ይለምነው።»

መምህር ዘሩባቤል ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሰሎሜን፣ ልጆቻቸውን ማኅሌትንና ዮሐንስን፣ አምስት የልጅ ልጆችን፣ ወንድማቸውን አሻግሬን፣ እንዲሁም ከወንድም ተርታ ጻፉኝ ያሉንን ኦቦ ሆርዶፋ ኤጄታን ትተው ሄደዋል። የይቅርታ አምላክ በሩን ከፍቶ ይቀበላቸው፤ ነፍሳቸውን ከደጋግ አባቶች ጋር ያኑርልን። አምስት መቶው ሞልቷል፤ ጋሼ፣ አሁን ይረፉ። አሜን።